አምባ ጊዮርጊስ ላይ ላልቆመው መኪና የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ዶክተር ኢዮስያስ
የደጃፍ ስደተኞች ድጋፍ ድርጅት ዋና ዳይሬክተር
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ከጎንደር የተመለሱበት አውሮፕላን በሰላም እንዳሳረፈዎትና የደጋው ብርድ ደረትዎን እንዳልያዘዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ በእርስዎ መልካም አመራር ደህና ነን፤ ኔትወርክ ሲኖር ሪፖርት እንልካለን፣ ሳይኖር ደግሞ ኔትወርክ የለም የሚል ሪፖርት አዘጋጅተን ኔትወርክ እስኪመጣ እንጠብቃለን። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ አደራ እላለሁ። በውስጥ አሠራሩ ደጋግሜ የጻፍኩት ሁሉ «ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» ከሚል መልስ ስላላለፈ፣ እንደ ማንኛውም አንባቢ ቁርስዎ ላይ ቢያገኙት ይሻላል ብዬ ነው።

ምናልባት ረስተውኝ እንደሆነ፣ ብርቄ አለነ እባላለሁ፤ በድርጅትዎ የጎንደር ቅርንጫፍ ከፍተኛ የስደተኞች ጥበቃ ባለሙያ ነኝ። አራዳ ያሉ ጎረቤቶቼ «ጥበቃ» የሚለውን ብቻ ሰምተው የቀን ፈረቃ ነሽ የማታ እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። በፊት በፊት እየሳቅኩ አስረዳቸዋለሁ፤ አገሩን ጥሎ የመጣ ሰው ከዛቻና ከጥቃት እንዲጠበቅ፣ ሳይወድ በግድ እንዳይመለስ የምሠራ ነኝ እላቸዋለሁ። አሁን ማስረዳቱን ትቻለሁ። የቢሯችን ዘበኛ አወቀ ቢያንስ ዱላ አለው። እኔ ያለኝ የድርጅቱ አርማ የታተመበት ሰደርያ ነው።

ነገሮች በቁጥር ተለይተው ሲቀርቡልዎ ደስ እንደሚልዎ ስለማውቅ፣ ምስጋናዬንም በዚያው መልክ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በደባርቅ መንገድ ባለው መጠለያ ጣቢያ፣ ውኃ መቅጃው አጠገብ ስላሰቀሉልን ሰሌዳ አመሰግናለሁ። «በደል ሲደርስብዎ ይናገሩ፤ እኛ ከጎንዎ ነን» ይላል፤ ፊደሉ ትልቅ ነው፣ ቀለሙም በዝናብ አይለቅም። ሰሌዳውን ካመኑት ሰዎች አንዷ ነጃት ነበረች። ነጃት ከኤርትራ ተሰዳ የመጣች፣ ባሏን በስደት መንገድ ላይ ያጣች፣ ራሕማ ከምትባል ልጇ ጋር በአንድ ድንኳን የምትኖር ሴት ናት። ታጣቂ ዘራፊዎች መጠለያው ገብተው ሰው ደብድበው፣ ስልኩንም ብርድ ልብሱንም ሲወስዱ፣ ከመካከላቸው አንዱን ለየችው። ፊቱን ቢሸፍንም ድምፁን ታውቀዋለች፤ ከመጠለያው በር ላይ ስልክ ቻርጅ የሚያደርግላቸው ባለሱቅ ነበር። ሌሎቹ አላየንም አልሰማንም አሉ። እሷ ግን ሰሌዳውን አንብባ ነበርና ተናገረች። ለፖሊስ ቃሏን ስትሰጥ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር፤ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞራ «እናንተ አላችሁ አይደል?» አለችኝ። «አለን» አልኳት። ደመወዝ የሚከፈለኝ እንዲህ እንድል ነዋ።

ሰውዬው ታሰረ፣ ብዙም ሳይቆይ ተፈታ፣ ሱቁንም መልሶ ከፈተ። ነጃትን አልሰደባትም፣ እጁንም አላነሳባትም፤ እንዲያውም ከእኛ ይልቅ ትሑት ሰው ነው። ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ጠብቆ ሰላም ይላታል፣ ስለ ጤናዋ ይጠይቃታል፣ ከዚያም «ራሕማ እንዴት ናት? አሁንም ትምህርት ቤት ብቻዋን ነው የምትሄደው?» ይላታል። ይህን ስትነግረኝ ራሕማን ነጠላዋ ውስጥ አቅፋ ነበር።

ሁለተኛ፣ እናትና ልጅ በአስቸኳይ ወደ ሌላ ከተማ እንዲዛወሩ ላቀረብኩት ጥያቄ ስለሰጡኝ መልስ አመሰግናለሁ። መልስዎ ጥያቄው ተገቢ፣ ጉዳዩም ልብ የሚነካ መሆኑን ከገለጸ በኋላ፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወስደው መንገድ በጸጥታ ግምገማችን ቀይ በመሆኑ የድርጅቱ መኪና መንቀሳቀስ እንደማይችል፣ መንገዱ ቢጫ እስኪሆን ድረስም ተጎጂዋ «አዎንታዊ የመቋቋሚያ ስልቶችን» እንድትጠቀም ይመክራል። ይህን ለነጃት መንገር ነበረብኝ። እንዴት ብዬ እንደምነግራት ብዙ አሰብኩና በመጨረሻ «ታገሺ ብለዋል» አልኳት። በዚያ ቀይ መንገድ ላይ ሚኒባሱ ዶሮና ነጭ ሽንኩርት ጭኖ ሲመላለስ ሁልጊዜ ስለምታይ፣ «ሚኒባሱ ቀለም አይለይም እንዴ?» አለችኝ።

በእውነትም አይለይም ነበር። ሰደርያዬን አወለቅኩና እንደ ማንኛዋም መንገደኛ በሚኒባስ ይዣቸው ወጣሁ። የመተላለፊያ ፈቃድ ስላልነበራቸው ጎንደር ሳንደርስ ኬላ ላይ ይመልሷቸዋል፤ ስለዚህ አምባ ጊዮርጊስ ላይ አውርጄ የአባቴ ወዳጅ ወደነበሩት ወደ አያ ቢሻው ቤት ወሰድኳቸው። አያ ቢሻው ገብስና ነጭ ሽንኩርት የሚያርሱ አዛውንት ናቸው፤ ቤታቸው ከአስፋልቱ ብዙም አይርቅም። የቢሮው ቋንቋ አፌ ላይ ቀርቶ ኖሮ «እነዚህን ሁለት ተጋላጭ ሰዎች ለጊዜው ቢረከቡኝ ብዬ ነው» አልኳቸው።

«ምነው ልጄ፣ እቃ ነው እንዴ የምረከብሽ?» አሉኝ። «እናትና ልጅ ናቸው፤ ይግቡ እንጂ።»

ባለቤታቸው እትዬ ሽታዬ ነጃት እስላም መሆኗን ስላወቁ ለእሷና ለልጇ የሚሆነውን ዶሮ ከገበያው ዳር ላሉ እስላም ጎረቤታቸው እየላኩ ያሳርዱላት ነበር። ለዚህ ማንም ሥልጠና አልሰጣቸውም። ድርጅታችን በበኩሉ «ያልተፈቀደ የተጠቃሚ ዝውውር» ፈጽመሻል የሚል ማስጠንቀቂያ ጽፎልኛል፤ ስለ አጻጻፉ ጨዋነትም አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ጉብኝትዎ። «የስደተኛውን ድምፅ ማድመጥ» በሚል ርዕስ ጎንደር ሆቴል ውስጥ የመሩት ዐውደ ጥናት እጅግ ጠቃሚ ነበር፤ ስደተኛ ባይገኝበትም ስለ ድምፁ ብዙ ተብሏል። በማግስቱ የዐውደ ጥናቱን እንግዶች ይዘው ስሜን ተራራ ጭላዳ ዝንጀሮ ሊያሳዩ እንደሚወጡ፣ መንገዱም ለዚያ ቀን ቢጫ መደረጉን ስሰማ፣ ቁርስ ላይ መጥቼ ለመንኩዎት። ስትመለሱ እናትና ልጅ አምባ ጊዮርጊስ ላይ አስፋልቱ ዳር ቆመው ይጠብቃሉ፤ የድርጅቱ መኪናና የእርስዎ ቃል ካለ ኬላው ያሳልፋቸዋል፤ እባክዎ ይዛችኋቸው ኑ አልኩዎት። «ጥሩ ሐሳብ ነው» አሉኝ። እኔ ጅሏ ይህን እሺታ ነው ብዬ ለአያ ቢሻው ደወልኩላቸው።

ነጃት እቃዋን በአንድ ቦርሳ አድርጋ፣ ራሕማን አጣጥባ፣ ከአያ ቢሻው ጋር አስፋልቱ ዳር ቆመች። የሆነውን የነገረኝ ሾፌራችን እንኳየሁ ነው። «በሩቁ ለየኋት» አለኝ። «እጇን አነሳች። ፍጥነት ቀነስኩና ‹ላቁም?› ብዬ ዶክተሩን ጠየቅኩ። ‹በፕሮግራሙ ላይ የለም፤ አውሮፕላኑም ይሄድብናል፤ ንዳ› አሉኝ። በመስታወት ሳይ ልጅቷ ከኋላችን ትንሽ ሮጣ ቆመች።»

እርስዎ የፊት ወንበር ላይ ነበሩ፤ ከዚያ ወንበር ወደ ውጭ ጥሩ እንደሚታይ አውቃለሁ። ጭላዳዎቹን ደህና አድርጋችሁ ማየታችሁንም ሰምቻለሁ፤ እንኳን ደስ ያላችሁ።

አራተኛ ብዬ መቀጠል ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን ከዚህ በኋላ ያለው ምስጋና አልሆን ስላለኝ ቁጥሩን ትቼዋለሁ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ያ ባለሱቅ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ላይ ታየ። ምናልባት ሽንኩርት ሊገዛ መጥቶ ይሆናል፤ ነጃት ግን ይህን አላሰበችም። በማግስቱ እትዬ ሽታዬ ስንቅ ቋጥረውላት ልጇን ይዛ ሄደች።

አያ ቢሻው ይህን በስልክ ሊነግሩኝ አልወደዱም። ፒያሳ ያለውን ቢሯችንን በጥያቄ አገኙት፤ አወቀ ቀጠሮ እንዳላቸው ሲጠይቃቸው ቀጠሮ ምን እንደሆነ ከመከራከር ደረጃው ላይ ቁጭ ማለትን መረጡ። ለምሳ ስወጣ ኮፍያቸውን አውልቀው ተነሡልኝ።

«ልጄ፣ ሰዎችሽን አላቆየሁልሽም» አሉኝ። «ተይ ብያት ነበር፤ እኔ እያለሁ ማንም አይነካሽም ብያት ነበር። ‹አባቴ፣ እናንተ ሸጋ ሰዎች ናችሁ፤ በእኔ ምክንያት ቤታችሁን ያውቀዋል› አለችኝ። ማኪናው ካለፈ ወዲህ ልቧ እዚህ አልነበረም። በይ ይቅር በይኝ።»

ሻይ እንኳ ልጋብዝዎት ብላቸው መኪና ያመልጠኛል ብለው ወደ መናኸሪያው ሄዱ። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ሁሉ ጉዳይ ውስጥ እስከ ዛሬ ይቅርታ የጠየቀ ሰው እኚህ አዛውንት ብቻ ናቸው። የተጠየቅኩትም እኔ ነኝ።

ነጃት አንድ ጊዜ ብቻ ደወለችልኝ፤ ከመተማ፣ በሰው ስልክ። ደላላ ይዛ ወደ ሱዳን ልትሻገር ነበር። እዚያ ጦርነት እንዳለ፣ ሰው ከዚያ እየሸሸ ወደ እኛ እንደሚመጣ ነገርኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ጦርነቱ ግን የልጄን ስም አያውቅም።»

 ከዚያ በነገር ሳይሆን ከልቧ ለማወቅ ፈልጋ፣ «ማዶ እንዳንቺ ያለ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። አለ ብላት ምን ያህል እንደሚጠቅማት ታውቃለች። የለም ብላት ደግሞ ልጇን ይዛ የምትሄድበትን አገር ባዶ ማድረግ ነው። ሁለቱን ሳመዛዝን መስመሩ ተቋረጠ፤ ያ ስልክ ከዚያ ወዲህ አይነሳም።

ከእርስዎ የምጠይቀው ነገር ቢኖር ደስ ባለኝ፤ ፈልጌ አጣሁ። ከሥራዬም አልለቅም፤ ልጆቼን የማስተምረው በዚህ ደመወዝ ነው፣ ከቢሮው ደጃፍም ዛሬ ጠዋት ሌላ እናት ተቀምጣ ነበር። ሰኞ ሰደርያዬን ለብሼ እገባለሁ። «እናንተ አላችሁ አይደል?» ብላ ስትጠይቀኝ ምን እንደምላት እስከዚያ ካወቅኩ አወቅኩ፤ ካላወቅኩም ያው እንደለመድኩት እመልስላታለሁ።

መንገድዎ ሁሉ የቀና፣ መስኮትዎም የማያስቸግር እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ በማይናወጥ አክብሮት፣ በተሟላ ታዛዥነትና ባዶ እጄን ይዤ፣

ብርቄ አለነ
ከፍተኛ የስደተኞች ጥበቃ ባለሙያ
ጎንደር

ማስታወሻ፦ የኮሙኒኬሽን ክፍልዎ ለዓመታዊው ሪፖርት ሽፋን የሚሆን፣ በድርጅታችን ድጋፍ ሕይወቷ የተለወጠ አንዲት እናት ፎቶ ከልጇ ጋር፣ ቢቻል ፈገግ እንዳሉ፣ እንድልክ አዝዞኛል። የነጃት ጉዳይ «ተዘግቷል» ተብሎ ከተሳኩት ጋር ስለተመደበ፣ የመረጡት እሷን ነው። ለፎቶ አንሺው የሱዳን መግቢያ ፈቃድ እንዲያስጨርሱለት በትሕትና እጠይቃለሁ።