የዳሳሿ ስድስተኛ መጽሐፍ

ለእትዬ፣

እንዴት ነሽ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? ልጆቹስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ንዴቱ ነው እንጂ ሌላ ምንም አላመመኝም። ከዚህ በላይ ሰላምታ ዛሬ ከእጄ አይወጣም።

ስድስተኛ መጽሐፍሽን አነበብኩት። አምስቱን ያረምኩልሽ እኔ ሆኜ ይሄኛውን ለማላውቀው አራሚ ሰጠሽው። «አንቺን ላሳርፍሽ ብዬ ነው» አልሽኝ በስልክ። እኔም ጅሏ አመሰገንኩሽ!

መቼም ሀቁን ልናገር፤ ዳሳሿ የምትያት መርማሪሽ ወሬዋ ይጥማል። ምላሷ ምላጭ ነው። የፖሊስ አለቃውን ስታበሽቀው እማዬ ሆዷን ይዛ ነው የምትስቀው። ድስቱ እያረረ እንኳ «ቀጥዪ፣ ቀጥዪ» ትለኛለች። ድክመትሽን ደግሞ ስንት ጊዜ ነገርኩሽ! መላው በጠፋሽ ቁጥር ሴትዮዋ የሟቹን ጫማ ወይ የጠፋውን ሰው ልብስ ትዳስስና «ታየኝ!» ትላለች፤ አለቀ። ማስረጃ የለ፣ ምርመራ የለ። አንባቢን እንዲህ መናቅ ምን ይሉታል?

ይሁን፣ እሱንስ ለምጄዋለሁ። የወንድማችንን ሹራብ ግን ምን ብለሽ ነው ለዳሳሿ ያስያዝሻት? እማዬ በእጇ የሠራችለትን፣ ክርኑ ላይ ቡናማ ጨርቅ የጣፈችበትን፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ተጣልቷት ሲወጣ ጥሎት የሄደውን! ጮክ ብዬ እያነበብኩላት እኮ ነው እዛ ገጽ ላይ የደረስኩት። ዳሳሿ ሹራቡን ጨብጣ «ይህ ልጅ በሕይወት የለም» አለች። ልዘለው ነበር፣ አፌ ቀደመኝ።

እማዬ አላለቀሰችም። መነጽሯን አወለቀችና «እሷ ሳታውቅ አትጽፍም» አለችኝ። በማግስቱ አልጋውን ለሰው ሰጠች፤ አሥራ አንድ ዓመት አንሶላ ስትቀይርለት የኖረችውን አልጋ። አሁን ጥቁር ለብሳ ቁጭ ብላለች። «ልብ ወለድ እኮ ነው እማዬ» ብል ማን ሊሰማኝ! ጎረቤቱም ነፍስ ይማር እያለ ይገባል። ተቃጠልኩ እትዬ! እጅሽን ይቁረጠው ልል ብዬ ምላሴን ነከስኩ።

ንዴቱ አላስቀምጥ ቢለኝ መጽሐፉን እንደገና ከፍቼ ማረም ጀመርኩ። ደብተሬን ታውቂዋለሽ፤ የማን ጥርስ እንደተሸረፈ፣ ማን በግራው እንደሚጽፍ፣ ከመጽሐፍ መጽሐፍ እንዳይምታታብሽ የምመዘግብበትን። የአምስት መጽሐፍ ሰዎችሽን አንድ በአንድ አየኋቸው። አንቺ የሰው መልክ ከራስሽ መፍጠር አትችይም። የሁለተኛው መጽሐፍ ሥጋ ሻጭ የሰፈራችን ሥጋ ሻጭ ነው፣ ከነኪንታሮቱ። የአራተኛው ዳኛ የድሮ አስተማሪሽ ነው፣ ከነሳሉ። በዓይንሽ ያላየሽውን ጽፈሽ አታውቂም፤ ጉብዝናሽም ድክመትሽም እሱ ነው።

ታዲያ ገጽ ሰማንያ አራት ላይ ዳሳሿ ሹራቡን ይዛ «ታየኝ» ያለችው ልጅ ከግራ ጆሮው በላይ ሽበት አለው። መነጽሩ ተሰብሮ በመዳብ ሽቦ ታስሯል። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። አፉን መሸፈኑንስ እኔም አውቀዋለሁ። ግን የኛ ልጅ ከቤት ሲወጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር እትዬ፤ ሽበትም መነጽርም አልነበረውም። እንደ ስህተት ላሰምርበት ቀይ እስክሪብቶ አነሳሁና፣ አይታዋለች ማለት ነው ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት።

ማን ቃል እንዳስገባሽ አልጠይቅሽም። ዝም ማለት አንድ ነገር ነው። እናትን ጥቁር ማልበስ ግን ምን የሚሉት ጭካኔ ነው?

ለእማዬ ትንፍሽ አላልኩም፤ ተሳስቼ ቢሆንስ ብዬ ፈራሁ። እሑድ ነይ። ስልክ አትደውዪ፣ ደብዳቤም አትላኪ፤ በእግርሽ ነይ። ብቻሽንም እንዳትመጪ።

አንድዬ መንገዱን ያቅናላችሁ፣ በደህና ያግባችሁ።

የሁለታችሁም እህት