የታላቅ እኅታችን ሥራና የዘገየ እርማት

ታላቅ እኅታችን ከእናታቸው ከልብስ ሰፊዋና ከአባታቸው ከሰዓት ጠጋኙ ሰኔ 3 ቀን 1955 ዓ.ም. ተወለዱ። ቤቱ ሁለት ክፍል ብቻ ስለነበረ በአንደኛው የስፌት መኪናው፣ በሌላው የአባታችን ጠረጴዛ ቆሞ ልጆቹ በተረፈው ቦታ ያድጉ ነበር። እኅታችን ከተበላሸው ሰዓት ይልቅ የሚሠራውን መፍታት ይወዱ ነበር። በዚህም ምክንያት አንድ ሰሞን በሰዓት ጠጋኙ ቤት ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚጠየቀው ከጎረቤት ነበር።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ጨርሰው በ1974 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በ1979 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመረቁ። የእጅ ጽሑፋቸው የመድኃኒት ማዘዣ ይመስል ስለነበረ ጎበዝ መሆናቸውን መምህራኑ ያወቁት ዘግይተው ነው። በ1983 ዓ.ም. ከመሬት ቀያሹ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ስልክ በመጠገን ሥራ ከቆዩ በኋላ ወደ ኮምፒውተር ተሻግረው ኮምፒውተሩን ከሚሰካበት መሣሪያ ጋር የሚያግባቡትን፣ ድራይቨር የሚባሉትን ፕሮግራሞች መጻፍ ጀመሩ። እናታችን ይህን ሲሰሙ፣ “ያን ሁሉ ዓመት አስተምሬ ሾፌር ሆና አረፈችው?” ብለው ሦስት ቀን አኩርፈው ነበር።

ሥራቸውን ለማታውቁ ለቀስተኞች በአጭሩ እንዲህ ነበር። በኮምፒውተር ውስጥ ከርነል የሚባል፣ ሌላውን ሁሉ የሚያዝ ዋና ፕሮግራም አለ፤ ድራይቨሮቹም የሚሠሩት እዚያ ነው። እኅታችን በ1992 ዓ.ም. የያዙት ሥራ ለነርሶች ማሠልጠኛ የሚሆን ነበር። በሽተኛም የልብ ምት መከታተያ መሣሪያም ሳይኖር፣ አንድ ፕሮግራም መሣሪያውን መስሎ ቁጥር ይልካል፤ ኮምፒውተሩም እውነተኛ መሣሪያ የተሰካ ይመስለዋል። ሌሎች ቁጥሩን ከፕሮግራሙ ወደ ከርነሉ እየገለበጡ ያቀብሉ ነበር። እኅታችን ግን መገልበጡን አስቀርተው ሁለቱ ወገኖች አንድ የሜሞሪ ቦታ በጋራ እንዲጠቀሙ አደረጉ። ሁለት ሰዎች ደብዳቤ መላላካቸውን ትተው አንድ ደብተር ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው እንደሚሠሩበት ያለ ነው። የሚፈለገው አንድ ሕግ ብቻ ነበር፦ አንባቢው ጨርሻለሁ ሳይል ጸሐፊው በላዩ እንዳይጽፍ። በዚህች ሕግ ቀልድ ስለማያውቁ የሥራ ባልደረቦቻቸው “እትዬ ቆይ” ይሏቸው ነበር።

የክፍል ኃላፊያቸው ግን ሜሞሪ መጋራቱን ከመጀመሪያው አልወደዱትም። ቢዘገይም መገልበጡ ይሻላል ባይ ነበሩ። እኅታችን ሰባት ዓመት ተከራክረውና ሠርተው አሳመኗቸው። በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ታናሽ ወንድማቸው በእርሳቸው ዋስትና ለሙከራ ጊዜ ተቀጥሮ መሣሪያውን መስሎ ቁጥር የሚልከውን ፕሮግራም እንዲጽፍ ተሰጠው።

በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ሥራው በማሠልጠኛው አዳራሽ ለሃያ ነርሶች ቀረበ። ተማሪዎቹ ሥራ እንደጀመሩ የአንዱ ምናባዊ በሽተኛ የልብ ምት ከሌላው የደም ግፊት ጋር ተቀላቅሎ በስክሪኑ ላይ ወጣ። ተማሪዎቹም ያዩትን አምነው ለደህናው የሚያጣጥረውን መድኃኒት አዘዙ። ዋና አሠልጣኟ ተነሥተው፣ “በዚህ የተማረ ነገ ሰው ይገድላል፤ ዝጉልኝ” አሉ። ተዘጋ።

በማግስቱ በስብሰባ ክፍሉ ውስጥ ኃላፊው፣ “ጥፋቱ በማን በኩል ነው?” ብለው ጠየቁ። እኅታችን ወደ ወንድማቸው ተመለከቱ፤ ረዘም ላለ ጊዜ ጠበቁት። እሱ ሚስቱ ከወለደች ገና ሳምንቷ ነበር፤ የጠረጴዛውን ጣውላዎች ይቆጥር ጀመር። ከዚያ እኅታችን፣ “በእኔ በኩል ነው” አሉ። ኃላፊውም፣ “ብዬ ነበር፤ ሜሞሪ መጋራት ራሱ ነው ጥፋቱ” ብለው ሰባት ዓመት የተለፋበትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሰረዙት።

ከዚያ በኋላ እኅታችን ወደ አሮጌ ዕቃዎች መጋዘን ተዛወሩ። አሥራ አምስት ዓመት የተጣሉ ኪቦርዶችና ስክሪኖች ሲመዘግቡ ቆይተው በ2014 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። አንድም መስመር ፕሮግራም ዳግመኛ አልጻፉም። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ ታናሽ ወንድማቸው ግን ባለመናገሩ ተሾመ፤ ወንበራቸው ላይ ተቀመጠ። በየበዓሉ ስጦታ ይዞ ቤታቸው ይሄድ ነበር። እርሳቸውም ስጦታውን ተቀብለው ስለ ልጆቹ ይጠይቁታል፤ ስለ ሥራው ግን ጠይቀውት አያውቁም።

ባለፈው ዓመት በጉበት ሕመም ተይዘው በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። ጥቅምት ውስጥ ወንድማቸው አልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ ያንን ነገር ሊነግራቸው ጀመረ። አላስጨረሱትም። “የሰረዝካትን የፕሮግራም መስመር እኮ በማግስቱ፣ ስብሰባ ሳንገባ አይቻታለሁ። ሰዎቹ ባሉበት ያልተናገርከውን አሁን ለብቻዬ ብትነግረኝ ምን ያደርግልኛል?” አሉት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር።

ሐሙስ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በስልሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውን፣ ወንድ ልጃቸውንና አንድ ታናሽ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል።

ያ ወንድም ይህን የማነብላችሁ እኔ ነኝ። የልብ ምቱ መስመር በስክሪኑ ላይ እየተቆራረጠ ስላስጠላኝ፣ ነገ ሲታይ ዓይን እንዲሞላ ብዬ፣ ፕሮግራሜ አንባቢውን እንዲጠብቅ የሚያደርገውን ትእዛዝ በዋዜማው የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ለእርሳቸውም ለማንም አልነገርኩም። ያን ቀን በስብሰባው የነበራችሁ፣ አለቃችንም ጭምር፣ ዛሬ እዚህ ተቀምጣችኋልና ስሙኝ። የእትዬ ሥራ እንከን አልነበረበትም። ሁለቱ ወገኖች ሜሞሪውን መጋራት ይችሉ ነበር፤ ያልጠበቅኩት እኔ ነኝ። ይህን ቆሞ መናገር አምስት ደቂቃ እንኳ አልወሰደም። እርሳቸው በሕይወት ሳሉ ለዚህ አሥራ ስምንት ዓመት ነበረኝ።

በሰው ስም ሐሰት በማይጻፍበት ቦታ አምላክ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን።