ከበላያችን ስለሚቆረጠው ብረትና ስለ እናቴ ሳል

ለተከበሩ የቤቶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ በተለይም ጆሮዎን እስካሁን ምንም ሳያሰማ የጠበቀልዎ አምላክ ወደፊትም እንዲጠብቅልዎ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ ከሕንፃዎችዎ በአንዱ፣ መሬት ወለሉ ላይ ከእናቴ ጋር የምኖር ተከራይ ነኝ። እናቴ ጉልበቷ ከከዳት ወዲህ ደረጃ አትወጣም፤ ከሰው ጋር የምትጫወተውም፣ ፀሐይ የምትሞቀውም ደጃችን ላይ ወንበር አውጥታ ነው። ከበላያችን የሚኖረው ጎረቤታችን፣ ሰፈሩ «ብረት አስለቃሽ» የሚለው፣ ለመኖሪያ ያከራዩትን ቤት የበርና የመስኮት መሥሪያ ካደረገው ሰነባብቷል። ሳሎኑ ውስጥ ብረት ሲቆርጥና ሲሞርድ ይውላል፤ ብናኙ በመስኮታችን እየገባ እናቴን ያስላታል። ቀስ እንዲልልን ብለምነው፣ መቁረጫውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ያልተመቸው ይልቀቅ ብሎኛል።

ጽሕፈት ቤትዎ ስላደረገልን ነገር ያለኝን ምስጋና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. አቤቱታዬን በምስጢር እንደሚይዙልኝ ቃል ከገቡልኝ በኋላ፣ ግልባጩን ከነቤት ቁጥሬ ለጎረቤቴ ስለላኩለት አመሰግናለሁ። እሱም ደርሶኛል ለማለት ያህል ቁርጥራጭ ብረቱን ደጃችን ላይ መከመር ጀምሯል።

፪. ድምፅ የሚለካ ባለሙያ ስለላኩልን አመሰግናለሁ። መሥሪያ ቤትዎ ተከራይን ሳያስታውቁ መጎብኘት ነውር ነው ብሎ ስለሚያምን፣ ብረት አስለቃሹ ባለሙያው የሚመጣበትን ቀን ከእኛ ቀድሞ ያውቅ ነበር። ማሽኖቹን አልጋ ልብስ አልብሶ፣ እሱ ራሱ በካልሲ እየተራመደ እንግዳውን ተቀበለ። ባለሙያው መሣሪያውን ወለሉ ላይ አስቀምጦ በትዕግሥት ቢጠብቅ፣ በሕንፃው ውስጥ የተሰማው ብቸኛ ድምፅ ከታች የመጣው የእናቴ ሳል ሆነ። ሥራውን የሚያከብር ሰው ነውና የሰማውን ጻፈ።

፫. በዚህም መሠረት «በተደጋጋሚ ሳል የጎረቤትን ሰላም በማወክ» የሚል ማስጠንቀቂያ ለእናቴ ስለደረሳት አመሰግናለሁ። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው አስቀይማ የማታውቅ ሴት በስተርጅና ረባሽ ለመባል መብቃቷ ቀላል ማዕረግ አይደለም። እሷ ግን አልሳቀችም። አሁን ሳሏ ሲመጣ ትራስ አፏ ላይ ትይዛለች። ይህን በጨዋ ቋንቋ የምገልጽበት መንገድ ስላጣሁ እንዲሁ ጽፌዋለሁ።

፬. ከሁሉም በላይ፣ ለሰላም ሲባል እናቴን ሊፍት ወደሌለው ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ ለማዛወር ስለወሰኑ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጸሐፊዎ እንዳስረዱኝ፣ ብረት አስለቃሹን ማስለቀቅ ክርክር ያመጣል፤ እናቴ ግን አትከራከርም። አባቶች አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላሉ፤ እናንተ ግን ዳውላውን ደብድባችሁ ስታበቁ አራተኛ ፎቅ ታወጡታላችሁ። እናቴን ሰው ተሸክሞ ካወጣት በኋላ የምትወርደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ እንደማትስል እኔ ዋስ እሆናለሁ።

ስለዚህ ዝውውሩ እንዲሰረዝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። የማይሰረዝ ከሆነም፣ እርስዎ ራስዎ መጥተው ፊት ለፊት ይንገሯት። እኛ ዘንድ ለመድረስ ደረጃ ስለሌለ አይደክሙም።

በቸልታዎ ጥላ ሥር የሚኖር፣ ማስጠንቀቂያዎን ግድግዳው ላይ የሰቀለ፣
የረባሿ ልጅ

ማስታወሻ፦ ባለጉዳይ ዝም ብሎ እንዳይገባ ቢሮዎ ደጃፍ ላይ ያስተከሉትን አዲሱን የብረት በር አየሁት፤ እጅግ ያምራል። ጥበቃው ሠሪው ማን እንደሆነ ሲነግረኝ አልገረመኝም፤ እያንዳንዱ ዘንግ ሲቆረጥ እኔና እናቴ ከሥር ተቀምጠን ሰምተናልና። የገረመኝ በሩ ሲከፈትም ሲዘጋም ሲጥ አለማለቱ ነው። ለካ ሰውዬው ደንበኛው እርስዎ ሲሆኑ ድምፅ የሌለው ነገር መሥራት ይችላል።