ካሜራው ያላያቸው ቅንጣቶች

ጥቅምት 4
ሥራ እንደ ወትሮው። ስድስት የፓምፕ ዘንግ ቀልጦ በሚረጭ ዱቄት ሸፈንን። አዲሱ ካሜራ ዱቄቱን ከሚያቀልጠው የፕላዝማ ነበልባል ጎን ቆሞ የሚበሩትን የዱቄት ቅንጣቶች ሙቀትና ፍጥነት ይለካል፤ እኔ ስክሪኑ ላይ አፈጣለሁ። አባባ መርጫውን ይዞ... ያዳምጣል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የሠራው። ዱቄቱ ሲቀልጥ ድምፁ ይጠራል፣ ካልቀለጠ ያጉረመርማል ይላል። ያውም ጆሮው ላይ መከላከያ ደፍቶ። ጉድ እኮ ነው። እኔ ታዲያ አምስት ዓመት የተማርኩት ለምኑ ነው?

ጥቅምት 6
አባባ ሥራ መሃል መርጫውን አጠፋ። "ዱቄቱ እየቀለጠ አይደለም።" ስክሪኑን አሳየሁት፤ ሙቀቱ ከሚፈለገው በላይ ነው።
"ምኑ ነው ያልቀለጠው አባባ?"
"እንጃ ልጄ፤ ድምፁ ልክ አይደለም።"
ሰው ሁሉ እያየ ሳቅሁበት። ከረባት የምንለው አለቃችንም አብሮኝ ሳቀ። ቮልትና ዲግሪ የማይለይ ሰው... የሱ ሳቅ ምን ያደርግልኛል?

ጥቅምት 7
ከረባት "ሪፖርት ጻፊ" አለኝ። ጻፍኩ። "መርጫው ያለ በቂ ምክንያት ቆሟል። የመለኪያው ውጤት ትክክል ነው።" አፌን ሞልቼ።

ጥቅምት 9
አባባን ከመርጫው አንስተው ብረት ማጽጃ ክፍል ከተቱት። ከሽፋኑ በፊት ብረቱ ላይ አሸዋ ሲረጭ ይውላል። በኔ ሪፖርት። ማታ ቤት እማማ "ምነው ፊታችሁ?" ስትል "ደክሞን ነው" አላት። ሸፈነልኝ። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር... ግን ቁጥሩ ልክ ነው። ልክ ነኝ።

ጥቅምት 17
እሱ ከተነሳ በኋላ የሸፈንናቸው ዘንጎች ተመለሱ። ሽፋኑ እንደ አሮጌ ቀለም ተልጦ ረግፏል። አንዱን ቆርጬ በማይክሮስኮፕ አየሁት። ግማሹ ያልቀለጠ ዱቄት። ድቡልቡል እንደሆነ።
ታዲያ ካሜራው?

ጥቅምት 18
ማኑዋሉን ዛሬ ገና ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ። ምሁሯ! ካሜራው የሚለካው ግለው ብርሃን የሚሰጡትን ቅንጣቶች ብቻ ነው። ቀዝቃዛው አያበራም፣ ስለዚህ አይቆጠርም። ዱቄቱን ወደ ነበልባሉ የሚገፋው ጋዝ ቀንሶ ነበር፤ ግማሹ ዱቄት ሳይቀልጥ በዳር በዳር ሲያልፍ፣ እኔ የትኩሶቹን አማካይ ይዤ ደረቴን ነፋሁ። አባባ የሰማው ይሄንን ነው። ደደብ። ራሴን ነው።

ጥቅምት 19
አዲስ ሪፖርት ጻፍኩ። ከረባት አነበበና ድምፁን ዝቅ አደረገ።
"ምን አስጨነቀሽ? ብረቱ በደንብ አልጸዳም በይ። ሽፋኑ ያልያዘው ለዛ ነው።"
ብረቱን የሚያጸዳው ማን እንደሆነ ጠፍቶት ነው? አልጠፋውም። ልጅ አባቷን ሁለቴ ትሸጣለች ብሎ አስቦ ነው። ለነገሩ አንዴ ሸጬዋለሁ፣ ቢያስብ ምን ይገርማል? "ስህተቱ የኔ ነው" ብዬ ፈረምኩና ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ወጣሁ።

ጥቅምት 20
አባባን ይቅርታ ጠየቅሁት። "ተይው ልጄ፤ ሰው ይሳሳታል" አለ። ራቱን ግን አልጨረሰም።

ጥቅምት 23
አባባ ወደ መርጫው ተመለሰ። ከረባት ራሱ መጥቶ እጁን ጨበጠው፤ ዓይኑን በጨው ያጠበ። ጋዙን አስተካክለናል፣ ከየዘንጉ ጋር አብሮ ተሸፍኖ ቆርጬ የማየው የናሙና ብረት አዘጋጅቻለሁ። አባባ ለኮሰ። ጥቂት ቆየና አጠፋው፤ መከላከያውን አውልቆ ወደኔ ዞረ።
"ማሽኑ ምን ይላል?"
"አንተ ምን ትላለህ አባባ?"
"እኔማ ምን አውቃለሁ።"
ሲያሾፍብኝ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አላሾፈም። መልሴን እየጠበቀ ነበር።