ዳገቱ ላይ ቀድሜህ የሄድኩ ቀን

ታዴዬ፣ የመንገድ ጓደኛዬ፣

እንዴት ሰነበትክ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ለአንተ የማይሆን ጥያቄ ሆነብኝ። ከተለየኸኝ ስምንት ወር ከአሥር ቀን ሆነ። ደብረ ብርሃን እንደተውካት ናት፤ ብርዷም ያው፣ ወሬዋም ያው። ቤታችን ግን ሌላ ቤት ሆኖ ነበር። እስከዚህ ሳምንት መግቢያ ድረስ አዛዡ እህትህ እትዬ አስካለ ነበረች።

ለቀብርህ ከመዘዞ እንደመጣች እዚሁ ቀረች። አርባህ እስኪወጣ አለች፤ ከዚያ ክረምቱ እስኪያልፍ አለች፤ በኋላ ደግሞ ሙት ዓመትህ እስኪደርስ አለች። የምትተኛው ፍራሿን በሩ ሥር ዘርግታ ነበር። ጠዋት ትምህርት ቤት ደጃፍ ድረስ ትሸኘኝ፣ ከሰዓት ሲደወል አጥሩ ጥግ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ተማሪዎቼ አስተማሪ መሆኔን ሳይጠራጠሩ አልቀሩም። የተራራ ጫማዬንና የጀርባ ቦርሳዎቻችንን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋ፣ ቁልፉን በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራው ነበር። ወንድሜን ዳገት በልቶብኛል፣ አንቺን አልደግምለትም ትል ነበር። ክፉ ጠባቂ ቢሆን ይሰደባል። ማታ ማታ ውሃ አሙቃ እግሬን የምታጥበኝን ሴት ምን ብዬ ልስደባት? መተንፈሻ አጥቼ ነበር፣ ታዴ።

ሰው ሲስቅብን ታስታውሳለህ? ሁለት አስተማሪዎች፣ ትምህርት በተዘጋ ቁጥር ድንኳንና ድስት ተሸክመው፣ መኪና ሞልቶ ሳለ በእግራቸው አንኮበር የሚሄዱ። ጎረቤቶቻችን ስለት አለባቸው ይሉን ነበር። ስለቱ ለየትኛው ታቦት እንደሆነ ሲጠይቁህ፣ ለጉልበቴ ነው ትላቸው ነበር። መንገድ ስንጠይቅ ገበሬው ሁሉ እዚህችው ናት፣ ከጉብታዋ ማዶ ይለናል። አንተ ታምናለህ፤ ሦስት ሰዓት እንሄዳለን። አንዴ ከአንኮበር አፋፍ ላይ ጉም ወርዶብን ሁለት ቀን ሙሉ ከድንኳን ሳንወጣ በሶ ስንበጠብጥ ዋልን። ክንዴን እንኳ የምዘረጋበት ቦታ አልነበረም። ያኔ አንድም ጊዜ የታሰርኩ አልመሰለኝም።

ያቺን የድስት ተንኮልህን ግን አትተዋትም ነበር። ድስቱ የአንተ ሸክም ነው። ዳገቱ መሀል ላይ ቁጭ ትልና፣ ዓለሜ ደክሞኛል፣ ነፍሴ ልትወጣ ነው ትላለህ። እኔ ደንግጬ ድስቱን ተቀብዬህ ስሸከም፣ ብድግ ብለህ እንደ ፍየል እየዘለልክ ታልፈኛለህ። በዚህ ስንት ጊዜ ተሞኘሁልህ።

የጥር ወሩን ጉዞ ለሰው የነገርኩት ግማሹን ብቻ ነው። አንተ ሌላውን ታውቀዋለህ፤ እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ በቃል አውጥቼው አላውቅም። አልዩ አምባ አድረን፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ብለን ወደ አንኮበር ሽቅብ መውጣት ጀመርን። እኩሌታው ላይ ተቀመጥክ። ደክሞኛል አልክ። ዛሬስ አልሞኝም ብዬ ሳቅሁ። ደግመህ አልከኝ፤ ዓለሜ ሳትለኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ትወናህ ተሻሽሏል ብዬህ ቀድሜህ ሄድኩ። ኩርባውን ካለፍኩ በኋላ ምን እንዳደረግሁ ልንገርህ፤ ይህን አታውቅም። ስትመጣ ላስደነግጥህ ከአንድ ወይራ ጀርባ ተደበቅሁ። አፌን በእጄ ይዤ እየሳቅሁ ጠበቅሁህ። ብዙ ጠበቅሁህ።

በርበሬ ጭነው ወደ አንኮበር የሚወጡ አንድ አዛውንት ነጋዴ በቅሎአቸውን ትተው እየተጣሩ ደረሱ። ልጄ፣ ባልሽ ታች ወድቋል፣ ምነው ያ ረቢ፣ ጥለሽው ትሄጃለሽ አሉኝ። ሮጬ ወረድኩ። ጭነታቸውን መንገድ ዳር አራግፈው አንተን በበቅሎዋ ላይ ጫኑልኝ። እጄን ይዘኸኛል፤ መናገር ግን አልቻልክም። አንኮበር ሳንደርስ እጅህ ላላ።

ለለቀስተኛው ሁሉ እጄ ላይ አረፈ አልኩ። ውሸት አይደለም። የዋጥኩት ከዚያ በፊት ያለውን ነው።

ባለፈው እሁድ እትዬ ለእድር ሴቶች፣ እሷ እኮ አንዲት እርምጃ አልተለየችውም፣ እንዲህ ያለች ሚስት ከየት ይገኛል እያለች ስታመሰግነኝ ጆሮዬ አልቻለም። ሴቶቹ ሲወጡ ሁሉንም ነገርኳት፤ ወይራውንም፣ ሳቄንም። አልጮኸችም፣ አልረገመችኝም። መቀነቷን ፈትታ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። የመጣሁት የሱ አደራ ነሽ ብዬ ነበር አለችኝ። ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ወደ መዘዞ ሄደች። ይቅር ብላኝ ይሁን ወይም ጠልታኝ አላውቅም።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። በሩ ክፍት ነው፤ የሚሸኘኝም የሚጠብቀኝም የለም። ጥቁር ቀሚሴን እንደለበስኩ የተራራ ጫማዬን አጠለቅሁ። የአንኮበር መንገድ ከከተማው እስከሚወጣበት ድረስ ሄድኩና እግሬ እምቢ አለኝ። ገበያተኛው በግራ በቀኝ እያለፈኝ ቆምኩ። ስምንት ወር ሙሉ እትዬ ዘጋችብኝ እያልኩ ሳማርር፣ ለካ እኔ አሁንም ያ ወይራ ጀርባ ነኝ። ተመልሼ ይህን ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

ሰው ሲያነሳህ ሳቂታነትህን ነው የሚያወራው። እኔም እስካሁን ቀልድህን ብቻ እየመረጥኩ ሳስታውስህ ኖሬያለሁ፤ ይቀለኝ ነበር። ከእንግዲህ ሁለተኛ ጊዜ ያልካትን ያቺን ቃል፣ ቀልድ ያልነበረባትን፣ እስክንገናኝ ድረስ እንደተናገርካት አድርጌ እይዛታለሁ። ያኔ አላመንኩህም ነበር። አሁን አምኜሃለሁ፣ ታዴዬ፤ ደክሞህ ነበር።