ወንድሜን በየጠዋቱ ለሚያነጋግሩት ክቡር ዋና አዘጋጅ

ለ«ንጋት በሐይቅ ዳር» የጠዋት የሬድዮ ዜና ዝግጅት ዋና አዘጋጅ
ለክቡር አቶ ግዛቸው
ሀዋሳ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና እያቀረብኩ፣ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለመላው ባልደረቦችዎ ሙሉ ጤንነትን፣ ረጅም ዕድሜን፣ ከዕድሜም በኋላ የሰላም ዕረፍትን እመኛለሁ። የመጨረሻውን ምኞት ያከልኩት በከንቱ አይደለም፤ በእርስዎ ዝግጅት የሞተ ሰው እንደማያርፍ በገዛ ቤቴ ስላየሁ ነው።

ሳያት ሽፈራው እባላለሁ። በመሃል ከተማ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። «የክቡርነትዎን አፋጣኝ ምላሽ በትሕትና እጠባበቃለሁ» የሚለውን ለሌላ ሰው ስጽፍ ኖሬ ዛሬ ለራሴ እንድጽፈው ምክንያት ስለሆኑኝ አመሰግንዎታለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ማቴዎስ በሐይቁ ዳር በአሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪ ነበር። «ነበር» ማለቴን ልብ ይበሉልኝ። ባለፈው ምርጫ ሰሞን ጋዜጠኛዎ ማይክሮፎን ይዞ ወደ ሐይቁ ወርዶ አነጋግሮታል። ከዚያ በኋላ በመጣው ክረምት፣ ሲመሻሽ መረብ ሊጥል እንደወጣ ንፋስ ጀልባውን ገለበጠበት፤ በማግስቱ ሬሳውን አግኝተን ቀበርነው። የዘንድሮው ቅስቀሳ ሲጀመር ግን «በዛሬው ዕለት ያነጋገርናቸው የከተማችን ነዋሪዎች» ተብሎ በዝግጅትዎ ተመልሶ መጣ። ጉሮሮውን ይጠራርግና እንዲህ ይላል፦ «እኔ ካርዴን አውጥቻለሁ። የዛን ቀን በጠዋት ወጥቼ እሰለፋለሁ፤ ማንም አይቀድመኝም።»

አቤቱታዬን እንደ ደንቡ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ትጋትዎ። አንድን ድምፅ አንድ ቀን አሰምቶ መተው የሰነፍ ሥራ ነው። እናንተ ግን ቅስቀሳው ከተከፈተ ጀምሮ በየማለዳው አሰምታችሁናል። የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ ይባላል፤ ይህን ለእርስዎ ማለቴ እንዳልሆነ ይረዱልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ወደ ሥራ ስወጣ ድምፁ ከጎረቤት ቤት ይሰማኛል፤ ሚኒባስ ውስጥ ስገባ ከሾፌሩ ሬድዮ ይቀጥላል። አንድ ጠዋት ደግሞ ከሱቄ ፊት ለፊት ቆሞ የነበረ ባጃጅ ወንድሜ እየተናገረ ሳለ ተነሥቶ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ይዞት ሄደ። ልከተለው ሁለት ሦስት እርምጃ ከሮጥኩ በኋላ ነው ምን እያደረግሁ እንደሆነ የገባኝ። ፈራሁ፤ ከእርስዎ የምደብቀው ነገር የለኝም።

፪ኛ. ስለ መቀስዎ። ማቴዎስ የተናገረው ይህን ብቻ አልነበረም። በአንድ ጀልባ አብሮት ይሠራ የነበረው ኦሊያድ አጠገቡ ቆሞ ሰምቷል፤ ማቴዎስ ራሱም የዚያን ዕለት ማታ እራት ላይ በኩራት ደግሞልናል። የቀረው እንዲህ ነው፦ «ግን ማንም ይመረጥ፣ ማታ መረብ ስንጥል ንፋስ ቢነሳብን የሚደርስልን ተረኛ የሞተር ጀልባ ይመደብልን። የሽርሽር ጀልባዎቹ እንደሆነ ሲመሽ ታስረው ባለቤቶቹ ቤታቸው ይገባሉ።» የአየር ሰዓት ውድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ይህን መቁረጣችሁን እንደ ጥፋት አልቆጥርም ብል ደስ ይለኝ ነበር። ጉሮሮውን ሲጠራርግ የሚሰማውን ግን አልቆረጣችሁትም። ለዚህ ልዩ ምስጋና አለኝ፤ እናታችን እሱ መሆኑን የምትለየው ገና ሳይናገር፣ በዚያ ነውና።

፫ኛ. ስለ መርዶ። እናቴ ወይዘሮ ደስታነሽ ከልጇ ሞት ወዲህ ነገር ይጠፋባታል። አንዳንድ ቀን መቅበሯን ታስታውሳለች፣ አብዛኛውን ቀን አታስታውስም። ዝግጅትዎ እሱን ማሰማት በጀመረ ሰሞን ድምፁን ሰምታ ከመቀመጫዋ ተነሣችና «ማቴ አለ እኮ! ታዲያ ቤት የማይመጣው ምን አስቀይመነው ነው?» አለችኝ። እንደሞተ ነገርኳት። እንደ መጀመሪያው ቀን ወድቃ አለቀሰች። በማግስቱ ደግሞ እናንተ አነጋገራችሁት፣ እሷም ጠየቀችኝ፣ እኔም ነገርኳት።

ክቡር ሆይ፣ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። ገና ሳይነጋ ዘመድና ጎረቤት ይሰበሰባል፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ቀስ ብለው ይገባሉ፤ የሚደግፍ ሰው ከጎን ይቀመጣል፤ ከዚያ ይነገራል። ሰው አንድ ጊዜ ስለሚሞት መርዶውም አንድ ጊዜ ነው። እኔ ግን ያለ ሽማግሌና ያለ ጎረቤት፣ በእርስዎ ዜናና በሳሙና ማስታወቂያው መካከል፣ ለአንዲት እናት የአንድ ልጇን መርዶ በየማለዳው ስነግር ከረምኩ። በመጨረሻ አቃተኝና መዋሸት ጀመርኩ፤ ሥራ በዝቶበት ነው እላታለሁ። ወደ እውነቱ ልመለስ ብል አሁን አታምነኝም፤ «ከሬድዮ አንቺ ልትበልጪ ነው?» ትለኛለች። ሕዝብ ያምነናል ስትሉ ማስረጃ የሚጠይቃችሁ ካለ እናቴን ላኩበት።

ይህንኑ ላመለክት ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ያነጋገረኝ ባለሙያ በጣም ትሑት ሰው ነው። የወንድሜ ድምፅ ጥራት እንዳለው፣ ሳይንተባተብ የሚናገር ዓሣ አስጋሪ እንደልብ እንደማይገኝ አስረድቶኝ፣ ጉዳዩን እንደሚያዩት ቃል ገብቶ እስከ በር ሸኘኝ። ሟቹ ቢሰማ ይኮራ ነበር።

አራተኛ ቁጥር የለኝም፤ ያለኝ ፍርሃት ነው። የምርጫው ቀን እየቀረበ ነው። እናቴ ነጠላዋን አጥባ አስቀምጣለች። «ማንም አይቀድመኝም ብሏል፤ እኔ ግን ቀድሜው ሄጄ እዚያው እይዘዋለሁ» ትላለች። ለሌላው ሰው ቀኑ ድምፅ የሚሰጥበት ነው፤ ለእኔ ግን እናቴ ከሰልፉ ጫፍ እስከ ጫፍ የሰው ፊት እያየች የምትሄድበት ቀን ነው። ሰልፉ ሲያልቅ ምን እንደምላት አላውቅም።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። በዜና አንባቢያችሁ አንደበት፣ በዚያው ሰዓት፣ ዓሣ አስጋሪው ማቴዎስ ሽፈራው በሕይወት እንደሌለ አንድ ጊዜ ንገሩልኝ። ጎረቤቶቼን ሰብስቤ ከጎኗ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። የተረፈውን ንግግሩንም ብታሰሙ ውለታችሁን አልረሳም፤ ግን ቅድሚያ ለመርዶው ይሁን።

ከመቃብር ማዶ ሳይቀር ቃለ ምልልስ ማድረግ የቻለውን ዝግጅትዎን ከልብ በማድነቅ፣ ወደፊት በሕይወት ያሉትንም እንዲያነጋግሩ በመመኘትና ለክቡርነትዎ ያለኝን አክብሮት በድጋሚ በመግለጽ፣

ሳያት ሽፈራው
የሟች እህት፣ የአድማጭዎ የወይዘሮ ደስታነሽ ልጅ

ተጨማሪ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ጨርሼ ለእርስዎም ለጋዜጣም ልልከው ስል፣ ዛሬ ጠዋት ወንድሜን ከዝግጅቱ አውጥታችሁታል። ማብራሪያም ይቅርታም አልሰማንም። እናቴ ዜናውን ሰምታ ጨረሰች፣ ስፖርቱንም የአየር ጠባዩንም ጠበቀች። ከዚያ ሬድዮውን በእጇ ዘጋችውና «ዛሬ አልተናገረም። ሞተ እንዴ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። አመነችኝ። አሁን ጎረቤት ቤቱን ሞልቶታል፣ ለቅሶው ከዚህ ይሰማኛል። አንዲት ቃል ሳታወጡ መርዶውን ስለነገራችሁልን እግዚአብሔር ይስጥልን። በእሱ ቦታ ዛሬ አንዲት አረጋዊት «ካርዴን አውጥቼ ቀኑን እየጠበቅሁ ነው» ሲሉ ሰምተናል። ክቡር ሆይ፣ ነገ ደግመው ከማሰማትዎ በፊት አንድ ሰው ወደ ቤታቸው ልከው፣ በሕይወት መኖራቸውን ያስጠይቁ።