የባንተአምላክ አድራሻ ሳይዘጋ

ለውድ ታላቅ እህቴ ለባንቺ፣
ቤይሩት

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? የምታስታምሚያት አሮጊትስ አሁንም ሌሊት ሌሊት ትቀሰቅስሻለች? እኛ መድኃኔዓለም ይመስገን ደኅና ነን፤ እናታችንም እህል መቅመስ ጀምራለች። ናፍቆትሽን ግን አልቻልነውም።

ይህን ደብዳቤ ወደዚያ በምትመጣው በደብሬ እጅ የላክሁልሽ በስልክ የማይነገር ጉዳይ ስላለኝ ነው። የማር ማኅበራችን ቢሮ ኢሜይሉን ሊቀይር ነው። ከአድራሻችን ጫፍ ያለው የማኅበሩ ስም እንዳለ ይቆያል፤ ደብዳቤውን የሚያስተናግድልን ድርጅት ግን ሌላ ይሆናል። የድሮው ድርጅት መልእክት እያጠፋ አስቸግሮናል። ሥራው የተሰጠው ለእኔ ነው። በአዲሱ ቦታ ለየሠራተኛው አድራሻ እከፍታለሁ፤ ላልተከፈተለት ሰው ከተጻፈ ማሽኑ ራሱ፣ እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም ብሎ ለላኪው ይመልሳል።

አየሽልኝ እታለም? ታናሻችን ምህረት እኮ እዚያው ቤይሩት ሆና አሁንም ለባንተአምላክ የምትጽፈው አብሮኝ ሲሠራ በተሰጠው በቢሮው አድራሻ ነው። ወንድማችን በሐምሌ መኪና ተገልብጦ ሲሞትብን ላንቺ መርዶው ተነገረሽ፤ እሷን ግን ትንሽ ናት፣ በሰው አገር ማን ደግፎ ያነሳታል ብለን ደበቅናት። ለሥራ ቆላ ዝቋላ ወርዷል፣ እዚያ ኔትዎርክ የለም እያልን ስንሸነግላት ከረምን። አርባውን አውጥተን፣ አልቅሰን፣ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ኮምፒውተሩን ስከፍት አዲስ መልእክት ለባንተአምላክ ይለኛል። ሰሞኑን ደግሞ ጫማ ልትገዛለት አስባ፣ ቁጥርህ አርባ አንድ ነበር ወይስ አርባ ሁለት ብላ ጠይቃዋለች። ወይኔ ወንድሜ!

እኔማ እንዳታውቅ ብዬ በአዲሱ ቦታም ስሙን አስገብቼለት ነበር። ወዲያው፣ ባንተአምላክ እንኳን ደኅና መጣህ የሚል መልእክት መጣለት። ብቻዬን ነበርኩ። ዘወር ብዬ በሩን አየሁ፤ ማን ይገባል ብዬ እንደሆነ እንጃ። ለእናታችን ብነግራት ደረቷን ደቃች። ልጄን ምነው ብታሳርፉት፣ አዲስ ቤት እየሠራችሁለት ነፍሱን አታንከራትቱት አለችኝ። ለምህረትም መርዶዋን ሰው ይንገራት እንጂ ማሽን አይንገራት ብላ ቆረጠች። ተመልሼ ሰረዝኩት።

እንግዲህ የድሮው አድራሻ ኅዳር ሚካኤል ባለፈ በሰኞው ይዘጋል። አደራሽን፣ በዋዜማው እሑድ ማለዳ ወለተ ሐናንና ሌሎቹን የአገራችንን ልጆች ይዘሽ ምህረት ክፍል ድረሺ። ቆማ እንዳትሰማ፤ አስቀምጧት፣ ግራ ቀኝ ክንዷን ያዙላት። ኢንተርኔት ቤት ገብታ፣ በማታውቀው ሰው መሀል፣ ወንድምሽ የለም የሚል እንዳታነብ። አልቅሳ ሲወጣላት ልጻፍለት ካለችሽ አትከልክያት፤ እስከ ሰኞ ክፍት ነው። የጻፈችለትን ለእናታችን ጮክ ብዬ አነብላታለሁ፤ ከዚያ በኋላ እዘጋዋለሁ።

እናታችን ዐይንሽን ስማለች። ባለቤቴ ዘመናይና ልጃችን ተስፋው ናፍቆታቸው ይድረስሽ ብለዋል። ወለተ ሐናን ሰላም በይልኝ። ደብሬም እስከዚያ ድረስ ከምህረት ጋር ላትገናኝ ምላልኛለች። ለምህረት ግን የእኔን ሰላምታ እስከ እሑድ አታድርሺ፤ የእኔን ስም ስትሰማ የእሱን መጠየቋ አይቀርም።

ታናሽ ወንድምሽ ምሳው
ሰቆጣ፣ ኅዳር 3 ቀን 2001 ዓ.ም.